ዘላይ ሸረሪትን ከቤት ውጭ በማክሮ ሌንስ እንዴት ፎቶ ማንሳት ይቻላል

በአጥር እንጨት፣ በግንብና በቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ቀን ቀን እየዞሩ የሚያድኑት ዘላይ ሸረሪቶች ማክሮ ፎቶ፣ ማለትም ትንንሽ ነገሮችን በቅርበት አጉልቶ ማንሳት፣ ለሚጀምር ሰው ከሌሎቹ ሸረሪቶች ይመረጣሉ። ርዝመታቸው በአብዛኛው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባይበልጥም፣ ከስምንቱ ዓይኖቻቸው አራቱ ፊት ለፊት የተደረደሩ፣ ከእነዚህም መካከለኞቹ ሁለቱ ጎላ ያሉ በመሆናቸው ፎቶው ላይ ፊታቸው በግልጽ ይለያል። ሌንስ ሲቀርባቸውም ብዙ ጊዜ ከመሸሽ ይልቅ ዞር ብለው ይመለከቱታል።

አንድ ለአንድ የሚያጎላ ማክሮ ሌንስ የሸረሪቷን ምስል በራሷ መጠን ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር የሆነች ሸረሪት 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ሴንሰር የምትይዘው አንድ ሰባተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ይበልጥ ለማጉላት በካሜራውና በሌንሱ መካከል ማራዘሚያ ቀለበት ማስገባት ወይም ከሌንሱ ፊት አጉሊ ሌንስ መግጠም ይቻላል። ቀለበቱ በውስጡ መስታወት ስለሌለው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብርሃን ይቀንሳል።

ለፍለጋው ፀሐይ ሳትጠነክር ማለዳ ይውጡ፤ ሸረሪቶች ሰውነታቸው እስኪሞቅ ድረስ ዝግ ይላሉ። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት መስከረምና ጥቅምት፣ ቅጠሉም ነፍሳቱም ስለሚበዙ፣ ይመቻሉ። ሲጠጉ ጥላዎ ሸረሪቷ ላይ እንዳያርፍ፣ የተቀመጠችበትም ቅርንጫፍ እንዳይናወጥ ይጠንቀቁ።

ካሜራውን በማንዋል (ሁሉንም በእጅ በሚያስተካክሉበት ሁነታ) ያድርጉና የመዝጊያውን ፍጥነት 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 200፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ያስተካክሉ። አንድ ለአንድ ሲነሳ በኤፍ 11 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት ለመጨመር ሲባል ቀዳዳውን ከዚህ አብዝቶ ማጥበብ ደግሞ ምስሉን በሙሉ ያደበዝዛል። በዚህ አቀማመጥ የቀኑ ብርሃን ስለማይበቃ ፍላሽ ያስፈልጋል። የፍላሹን ኃይል 1/8 ወይም 1/16 ላይ ካደረጉት ብልጭታው ከሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ የእጅ መንቀጥቀጥና ነፋስ ምስሉን አያበላሹትም።

በእኔ እምነት የፎቶውን ጥራት ከሌንሱ ዋጋ ይልቅ የሚወስነው ይህ ብርሃን የሚለሰልስበት መንገድ ነው። የሸረሪት ዓይን እንደ መኪና የጎን መስታወት ጎበጥ ያለና የሚያንጸባርቅ ስለሆነ የፍላሹን ቅርጽ እንዳለ መልሶ ያሳያል፤ ያልተሸፈነ ፍላሽ ዓይኑ ላይ ደረቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ፀጉሯንም ያነጣዋል። መፍትሔው አዲስ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ስስ ነጭ ፎም ከፍላሹ እስከ ሌንሱ ጫፍ ድረስ እንደ ጣሪያ ማጉበጥ ነው። ማለስለሻው ሰፊ በሆነና ወደ ሸረሪቷ በቀረበ መጠን ጥላው ይለሰልሳል። ፎሙን ሁለት ድርብ አድርጎ በመካከላቸው ክፍተት መተው ከአንድ ወፍራም ሽፋን የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

አውቶፎከሱን ያጥፉ። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በሚፈልጉት ማጉላት ላይ ከተዉት በኋላ ራስዎ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ሁለቱ ትላልቅ ዓይኖች በሚጠሩበት ቅጽበት ያንሱ። ሸረሪቷ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ከሆነች ቅርንጫፉን በግራ እጅዎ ይዘው ሌንሱን በዚያው እጅ ላይ ያሳርፉ፤ ያን ጊዜ ካሜራውና ሸረሪቷ አብረው ይወዛወዛሉ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግን እግሮቹ እስኪስተካከሉ እሷ ስለምትሄድ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ፎቶውን ከላይ ሳይሆን በዓይኗ ትይዩ ዝቅ ብለው ያንሱት።

ዘላይ ሸረሪት ከመዝለሏ በፊት ክሯን ከቆመችበት ላይ ታጣብቃለች፤ ስለዚህ ከቅጠሉ ከወደቀች በክሯ ተንጠልጥላ ልትመለስ ስለምትችል ሣሩን ከመበርበር ጥቂት መጠበቅ ይሻላል። እንዳትንቀሳቀስ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ እንስሳዋን ይጎዳል፣ የተሰበሰቡት እግሮቿም ነገሩን በፎቶው ላይ ያጋልጣሉ።

የፍላሹ ብርሃን ሩቅ ስለማይደርስ ከሸረሪቷ ኋላ ያለው ቦታ በፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህን ካልወደዱት ከሸረሪቷ ኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ አረንጓዴ ቅጠል እንዲኖር አንግልዎን ይቀይሩ፤ ካልተገኘም የወደቀ ቅጠል አንስተው በሌላ ሰው ያስይዙ።