ጥሩ ድምፅ በትንሽ ብር፦ ኢን ኢር ሞኒተር እንዴት እንደሚመረጥ

ጎንደር ፒያሳ ላይ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ «ጥሩ ኢርፎን አለ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «አለ እንጂ! ቤዙ አንደኛ ነው።» ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ደረት የሚመታ ዘፈን ይከፍትላችኋል። እውነትም ቤዙ አንደኛ ነው። ማታ ቤት ገብታችሁ ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ስትከፍቱ ግን ድምፃዊው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ እዚያ ላይ እንዳትደርሱ ነው። የምናወራው ኢን ኢር ሞኒተር ስለሚባሉት ነው። መድረክ ላይ ዘፋኞችና ሙዚቀኞች የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት የሚያደርጓቸው ዓይነት ናቸው። የጆሮን ቀዳዳ ገጥመው ይዘጋሉ። ኬብላቸው በጆሮ ላይ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል። ድሮ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን ከ20 እስከ 50 ዶላር ባለው ውስጥ በጣም የሚያረካ ድምፅ ይገኛል። የሚያስቸግረው እሱን ከቆሻሻው መለየቱ ነው።

ዋጋውን በዶላር የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 20 ዶላር በባንክ ዋጋ 1,140 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዛሬ ብር ብጽፍ ነገ ይሳሳታል። ስለዚህ የዕለቱን ምንዛሪ እዩና አስሉ። የማጓጓዣውን፣ የቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍም ጨምሩበት።

1. መጀመሪያ የምትሰሙትን እወቁ

ኢርፎን የሚመረጠው ለጆሮ ብቻ አይደለም፤ ለዘፈኑም ነው። የእኛ ሙዚቃ ነፍሱ መሃል ላይ ናት። የድምፃዊው ድምፅ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ አብዛኛው ጉልበታቸው መካከለኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። ገበያውን የሞላው ርካሽ ኢርፎን ግን ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ነፍቶ መሃሉን የሚቀብር ነው። ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ያስደስት ይሆናል። አዝማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ግን ቃሉ አይሰማችሁም። ቃሉ ካልተሰማ ደግሞ አዝማሪ ማዳመጥ ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አራት ዘፈኖች ለይታችሁ አስቀምጡ። በደንብ የምታውቋቸው ይሁኑ። አንዱ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ያለበት። አንዱ ከበሮ የበዛበት የሠርግ ዘፈን። አንዱ በገና፤ የጅማቶቹ ንዝረት ጥሩ ኢርፎንን ከመጥፎው ቶሎ ይለያል። አራተኛው የሴት ድምፃዊ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ዘፈኖቹ በጥሩ ጥራት የተቀዱ ይሁኑ። በቴሌግራም ከእጅ እጅ ሲዞር የቆየ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ላይ ጥሩ ኢርፎን ብታደርጉ ጉድለቱን ነው የሚያጎላው። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው «ሽሽሽ» ደግሞ ከቴፑ ነው፤ ኢርፎኑን አትውቀሱ።

2. ስልካችሁን እዩ

ክቡ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው? ካለው ይህን ክፍል ዝለሉት።

ከሌለው ማገናኛ ትፈልጋላችሁ፤ ገንዘቡን ከበጀታችሁ ቀድማችሁ ቀንሱ። ከዩኤስቢ ሲ ወደ 3.5 የሚቀይሩት ትንንሽ ኬብሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ውስጡ ድምፁን የሚተረጉም ቺፕ አለው። ሌላው ባዶ ሽቦ ነው፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ ድምፅ አያወጣም። ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። መፍትሔው ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ስልክ ሞክሮ መግዛት ነው። የአፕል ማገናኛ ቺፕ ያለውና ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ግን ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ብሉቱዝ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ለምቾት ይሻላል። በተመሳሳይ ዋጋ ግን ገንዘባችሁ ለባትሪ፣ ለቺፕና ለቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ ይከፋፈላል። ባትሪውም ዕድሜ አለው። በትንሽ ብር ድምፅ የሚፈልግ ሰው ባለ ኬብሉን ይግዛ።

3. ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አትደንግጡ

«በእያንዳንዱ ጆሮ 5 ድራይቨር!» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ድራይቨር ማለት ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፒከር ናት። ብዛቷ ስለ ጥራቱ ምንም አይነግራችሁም። አምስት በደንብ ያልተቀናጁ ድራይቨሮች ካሉት አንድ በደንብ የተሠራ ይበልጣል። በ20 ዶላር ክልል ባለ አንድ ዳይናሚክ (የተለመደው የስፒከር ዓይነት) ድራይቨሩን አስቀድሙ። ብዛቱን የሚያሞግስ ሻጭ ካርቶኑን እያነበበላችሁ ነው።

«ከ10 እስከ 40,000 ኸርዝ» የሚለውንም እለፉት። ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 አካባቢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የላይኛው ይቀንሳል።

የሚጠቅሙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ ነው፤ ማለትም ኢርፎኑ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም። ከ16 እስከ 32 ኦም ከሆነ አብዛኛው ስልክ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ማለትም በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ፋብሪካ በሚሊዋት፣ አንዳንዱ በቮልት ይጽፋል። 32 ኦም የሆነ ኢርፎን በሚሊዋት 105 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ከሆነ በቮልት ሲጻፍ 120 ገደማ ይሆናል። ያው ዕቃ ነው። 120 ያለው ይበልጣል ብላችሁ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉ።

ኢንተርኔት ላይ የድምፅ ግራፍ፣ ማለትም ኢርፎኑ በየኸርዙ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳይ መስመር፣ ማየት ከቻላችሁ ደግሞ ከ200 እስከ 1,000 ኸርዝ ያለውን ቦታ እዩ። የቤዙ ጉብታ እስከ 300 ከተንዘላዘለ የወንድ ድምፅ ይደፈርሳል። 3,000 አካባቢ መስመሩ ወደ ላይ ቢወጣ አትፍሩ። የጆሯችን ቅርጽ በተፈጥሮው ያንን ክልል ያጎላል። ኢርፎኑ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያ የተፈጥሮ ማጉላት ስለሚለወጥ ፋብሪካው መልሶ ይተካዋል።

4. ስም ይዛችሁ ሂዱ

በ20 ዶላር አካባቢ ሙንድሮፕ ቹ 2፣ ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ እና ታንግዙ ዋነር ይጠቀሳሉ። ሦስቱም ባለ አንድ ዳይናሚክ ናቸው፤ ኬብላቸውም ይነቀላል። የመጀመሪያው ሙንድሮፕ ቹ ኬብሉ አይነቀልም፣ ስለዚህ «2» የሚለውን አረጋግጡ። 50 ዶላር ካላችሁ ትሩዝኢር ዜሮ አለ። ወደ 80 ከደረሳችሁ ሄክሳ የሚባለው የዚያው ድርጅት ምርት አለ። ኬዜድ የሚባለው በብዛት የሚገኝ ነው፤ ግን ሞዴሉ እጅግ ብዙ ነው፤ ጥሩም መጥፎም አለው። ሳትሰሙት አትግዙ።

ለማሲንቆና ለድምፅ ከ20ዎቹ ውስጥ ሳልኖትስ ዜሮን እመርጣለሁ። ቤዙ ልከኛ ነው፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤዝ ካልነቀነቀኝ የሚል ሰው ግን አይወደውም።

ጎንደር ውስጥ እነዚህን በቀላሉ ላታገኙ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስላክ ይሻላል። የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ላኩ፤ ከተቻለም ፎቶውን። «ጥሩ ኢርፎን አምጣልኝ» ካላችሁት ቤዙ አንደኛ የሆነውን ይዞላችሁ ይመጣል።

5. ባንኮኒው ላይ ፈትሹ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አትቸኩሉ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው አልኩህ እኮ!» ሲል ፈገግ ብላችሁ ቀጥሉ።

ኢርፎኑ የተሞከረ ከሆነ ጎማውን አውልቃችሁ የራሳችሁን አድርጉበት። ጎማ ስል ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የሲሊኮን ቆብ ነው። የሌላ ሰው ኩክ ጆሯችሁ ውስጥ ማስገባት ግድ አይደለም። ጎማውን ስታወልቁ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት እዩ። የተቀደደች ወይም የተደፈነች ከሆነች ሌላ ጠይቁ።

አሁን አስገቡት። በአንድ እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ በሌላው ኢርፎኑን ገፋ እያደረጉ ትንሽ ማዞር ነው። ሲገባ «ጭርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ከተሰማ የታፈነው አየር ድራይቨሩን ስለገፋው ነው፤ ብልሽት አይደለም። በትክክል ከገባ የፒያሳ ጫጫታ ድንገት ይርቃል።

የከበሮውን ዘፈን ክፈቱ። ሁለቱንም በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑ። ስትጫኑ ቤዙ ከጨመረ ጎማው አልገጠመም፣ አየር ያስወጣል ማለት ነው። ትልቁን ሞክሩ። «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚመለስ ስንት ጥሩ ኢርፎን አለ፤ የጎደለው ግን ልኩ የሆነ ጎማ ነው! ግራና ቀኝ ጆሯችሁ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትልቅ ማድረግ ነውር የለውም። በየትኛውም ካልገጠመ ፎም የሚባለው የስፖንጅ ጎማ አለ። በጣታችሁ ጨምቃችሁ ታስገቡታላችሁ፤ ውስጥ ሆኖ ያብጣል።

ቀጥሎ የማሲንቆውን ዘፈን ክፈቱ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ድምፃዊው የት ቆሟል? በትክክል መሃል ግንባራችሁ ላይ መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መጀመሪያ ግራና ቀኙን አቀያይሩ። አብሮ ከተቀያየረ አንዱ ጎን ደክሟል፤ አትግዙ። መሃል የሚባል ነገር ከጠፋ፣ ድምፁ ተበታትኖ ቤዙም ከሳሳ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባለ ሁለት ፒኑ ኬብል (ኢርፎኑ ላይ በሁለት ቀጫጭን መርፌ የሚሰካው) በአንድ በኩል ተገልብጦ ተሰክቷል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አንዱን ጎን ነቅላችሁ አዙራችሁ ሰኩት፤ ዘፋኙ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሁን የሴት ድምፃዊቷ ተራ ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ያሉባቸውን ቃላት አድምጡ። አማርኛ በእነዚህ የበለፀገ ነው። «ጸ» በተባለ ቁጥር ጆሮን የሚወጋ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ከልክ በላይ ተነፍቷል። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ «ጥርት ያለ» ይመስላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን አውልቁኝ ያሰኛል። በገናው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጅማት ሲመታ መጀመሪያውና ንዝረቱ ለየብቻ መሰማት አለበት። አንድ ላይ ተጠቅልሎ «ዝዝዝ» ብቻ ከሆነ መልሱት።

ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሻጮች ይህንን ያውቃሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ኬብሉን መሰኪያው አጠገብ ቀስ እያላችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉ። ድምፁ ከተቆራረጠ ይቅርባችሁ። ማይክ ካለው ለአንድ ሰው ደውሉ። ከዚያ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ክርክር ይመጣል፤ እሱን እናንተው ታውቁበታላችሁ። ከዋጋው ላይ ከምታስቀንሱት ይልቅ «በሁለት ቀን ውስጥ ችግር ካለው እመልሳለሁ» የሚለውን ብታስፈቅዱት ይጠቅማችኋል።

6. ከገዛችሁ በኋላ

ኢን ኢር ከውጭ ጫጫታ ስለሚከላከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ይቻላል። ተጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያው መከላከሉ መንገድ ላይ አደጋ ነው። ከማራኪ ወደ ፒያሳ በእግር የምትሄዱ ከሆነ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉ፤ ባጃጅ ጥሩምባ የሚነፋው ለእናንተ ሊሆን ይችላል።

ለመድረክ የምትፈልጉት ከሆናችሁ፣ የሠርግ ባንድም ሆነ የመዘምራን ቡድን፣ ከሚክሰሩ በቀጥታ አትሰኩት። በመካከል የሄድፎን አምፕሊፋየር ያስፈልጋል፤ ከተቻለ ድንገተኛ ጩኸት የሚገድብ። ማይክ ሲያፏጭ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያፏጨው።

በክረምት እርጥበት ወንፊቷን ይደፍናታል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ፤ ከኢርፎኑ ጋር መያዣው ውስጥ አስቀምጧት። ጎማውን አውልቃችሁ በሳሙናና ውኃ እጠቡ፤ ደርቆ ነው የሚመለሰው።

አንዱ ጎን ድንገት ዝም ካለ ወዲያው አትጣሉት። ኬብሉን ነቅላችሁ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ሰኩ። ዝምታው ወደ ሌላው ጆሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኬብል ብቻውን ይሸጣል፤ ሱቅ ስትሄዱ «0.78 ሚሊሜትር፣ ባለ ሁለት ፒን» ብላችሁ ጠይቁ፣ የድሮውንም ለማመሳከሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ክብ ሆኖ የሚሽከረከር መሰኪያ ካለው ግን ኤምኤምሲኤክስ የሚባለው ነው፤ ሁለቱ አይተካኩም።