የኪችን ግራናይት ቀለም ስትመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የግድግዳ ቀለም ካላማረ ሌላ ይደረብበታል። ግራናይት ግን እንደዚያ አይደለም። ተለክቶና ተቆርጦ ካቢኔቱ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ልቀይረው ብትሉ ሲነሳ ሊሰበር ይችላል፣ የግድግዳውን ሴራሚክም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ለእናንተ ኪችን ልክ የተቆረጠ ድንጋይ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። ጭቅጭቅ ካለ ሳይቆረጥ በፊት ይጨረስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድንጋዩን ሳያይ ስለሚወስን ነው፤ ያየ መስሎት ያላየው ደግሞ ከዚያም ይበዛል።

መዳፍ በምታክል ናሙና መወሰን

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ግራናይት ፋብሪካ ውስጥ ተቀምሞ የወጣ ነገር አይደለም፤ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት ነው። ነጩና ግራጫው ኳርትዝና ፌልድስፓር የሚባሉ ማዕድናት ናቸው፣ ሮዙም አብዛኛውን ጊዜ ፌልድስፓር ነው፣ ጥቁሩ ነጠብጣብ ደግሞ ባዮታይት ወይም ሆርንብሌንድ ነው። እነዚህ በድንጋዩ ውስጥ ሁሉም ቦታ እኩል አልተበተኑም። ናሙናዋ ላይ ፈዛዛ ክሬም የመሰላችሁ ድንጋይ ሙሉው ሲታይ መሃሉን ክንድ የሚያክል ጥቁር መስመር ሊያቋርጠው ይችላል። ደቃቅና እኩል ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ናሙና ብዙም አያሳስትም። መስመር ወይም ሞገድ ያለው ከሆነ ግን ናሙናዋን እርሷት።

ሄዳችሁ ሙሉውን ድንጋይ፣ ነጋዴዎቹ ስላብ የሚሉትን፣ ቆማችሁ እዩት። መጀመሪያ ከቅርብ፣ ከዚያ ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብላችሁ። ከቅርብ የሚያምር ነጠብጣብ ከሩቅ ዝም ብሎ ግራጫ ሊሆን ይችላል፣ ኪችናችሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታዩት ከበሩ ላይ ሆናችሁ ነው። ከወደዳችሁት ያንኑ አስይዙ። "ልክ እንደዚህ ያለ እናመጣለን" ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ የስላቡን ቁጥር ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ሁለት ስላብ የሚያስፈልግ ከሆነም ከአንድ ብሎክ (ከአንድ ትልቅ ድንጋይ) ተከታትለው የተሰነጠቁ መሆናቸውን ጠይቁ፣ አለዚያ ግራውና ቀኙ የማይተዋወቅ ኪችን ይኖራችኋል።

የመጋዘኑን ብርሃን ማመን

መጋዘን ውስጥ ድንጋዩ ቆሞ፣ ብርሃን ከፊት እየመታው ነው የምታዩት። ቤት ሲገባ ግን ይተኛል፣ ከላዩም የካቢኔት ጥላ ያርፍበታል። አምፖሉም ሌላ ነው። የአምፖላችሁ ካርቶን ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ካለ ብርሃኑ ቢጫ ነው፤ ክሬምና ቡኒ ድንጋይ ያምርበታል፣ ግራጫው ግን ቆሸሽ ያለ ይመስላል። 6500 ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ያኔ ግራጫው ያምርና ክሬሙ ይደበዝዛል። 4000 አካባቢ መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ናሙና ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ካቢኔቱ ላይ አስተኙት፣ ጠዋትም እዩት፣ ማታ መብራት አብርታችሁም እዩት። ናሙና ለዚህ ነው የሚጠቅመው። በስልክ የተላከ ፎቶ ግን ቀለም ለመምረጥ አይሆንም፤ ካሜራው ቀለሙን ራሱ ያስተካክለዋል፣ እናንተ የምታዩት የስልኩን ግምት ነው።

በስም መግዛት

የግራናይት ስሞች የንግድ ስሞች ናቸው። አንዱ ድንጋይ ሁለት ሦስት ስም ይዞ ይሸጣል፣ በአንድ ስም ደግሞ ቀለማቸው የሚለያይ ድንጋዮች ይሸጣሉ። አንዳንዱ እንዲያውም ግራናይት አይደለም። ብሉ ፐርል የሚባለው ከኖርዌይ የሚመጣ ላርቪካይት የሚባል ሌላ ዐለት ነው። "ጥቁር ግራናይት" ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛው በጂኦሎጂ ቋንቋ ጋብሮ ወይም ዶለራይት የሚባል ዐለት ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ሁለቱም ጠንካራ ድንጋዮች ናቸው። ማጭበርበሩ ሌላ ነው፤ ግራጫውን ቀለም ነክሮ ወይም ዘይት ቀብቶ ጥቁር ነው ብሎ መሸጥ። ነጭ ጨርቅ አሴቶን ነክራችሁ ድንጋዩን እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ትታችሁት ውጡ።

"ጥቁር ቆሻሻ ይደብቃል" ብሎ ማሰብ

ማን እንደጀመረው እንጃ። ፖሊሽ የተደረገ ጥቁር ድንጋይ አቧራውን፣ የጣት አሻራውን፣ የደረቀ የውሃ ጠብታውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል፣ በተለይ ውሃችሁ ካልሲየም የሚበዛበት ከሆነ ሲንኩ ዙሪያ ነጭ ክብ አይጠፋም። ጥቁር የሚደብቀው ወደ ውስጥ የሰረገ ዘይትን ነው፣ እሱም ድሮውንም ብዙ አይሰርግበትም። ጉድፍ የሚደብቀው ሁለት ሦስት ቀለም የተቀላቀለበት፣ መካከለኛ ነጠብጣብ ያለው ግራጫ ወይም ቡኒ ነው። እሱም ሲበዛ ችግር አለው፤ ጠራርገነዋል ብላችሁ እጃችሁን ስታሳርፉበት ፍርፋሪ ይቆረቁራችኋል። ለእኔ ፍርዱ ቀላል ነው፦ በየቀኑ የሚወለውለው ሰው ይምረጥ። እሱ ጥቁር ከወደደ ጥቁር ይሁን፣ በጣም ያምራል። የማይወለውል ሰው ግን ጥቁር መርጦ ለሌላ ሰው ሥራ አያብዛ።

ነጩስ? ነጭና ፈዛዛ ግራናይቶች ብዙ ጊዜ ከጥቁሮቹ ይልቅ ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ናሙናው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉና 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ። ጠርጋችሁት ቦታው ከጠቆረ መጥጧል ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው በየጊዜው ሲለር (ፈሳሽ እንዳይሰርግ የሚከላከል ቅባት) መቀባት ይፈልጋል። አንዳንዱ ነጭ ድንጋይ ውስጥ ብረት ያለባቸው ማዕድናት አሉ፣ ውሃ ሲደጋገምባቸው የዝገት ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣሉ። ዝገቱ ከውስጥ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። ነጭ አትግዙ አላልኩም፣ ሳትሞክሩ አትግዙ ነው።

የገጹን አጨራረስ መርሳት

ያው ድንጋይ ፖሊሽ ሲደረግና ማት (የማያብረቀርቅ) ሲሆን ሁለት ቀለም ነው። ፖሊሽ ቀለሙን ያጠልቀዋል፣ ማት ያፈዘዋል፤ ጥቁሩ ማት ሲሆን ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ያያችሁት ናሙና ፖሊሽ ሆኖ ያዘዛችሁት ማት ከሆነ የመጣላችሁ ድንጋይ ሌላ ይመስላችኋል። ማቱን ለብቻው አሳዩኝ በሉ፣ አለቀ።

ድንጋዩን መጨረሻ ላይ መምረጥ

ሰው ሴራሚኩን ይገዛል፣ ግድግዳውን ይቀባል፣ ከዚያ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሄድ ግራናይት ፍለጋ ይዞራል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። የግድግዳ ቀለም እንደፈለጋችሁ ይበጠበጥላችኋል፣ ድንጋይ ግን የተገኘው ነው የተገኘው። መጀመሪያ ድንጋዩን ያዙ፣ ሌላው ለሱ ይታዘዝ። ካቢኔቱ ቀድሞ ከተሠራ አንዱን በር ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል "ቡኒ ነው" ብሎ ነገር የለም፤ ቡኒ ስንት ዓይነት ነው! ወለሉ ወይም የግድግዳው ሴራሚክ ሥዕል የበዛበት ከሆነ ድንጋዩ ዝም ያለ ይሁን። ድንጋዩ ሞገድ ያለው ከሆነ ደግሞ ሴራሚኩ አንድ ወጥ ይሁን። ሁለቱም ከጮኹ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው። መስመር ያለው ድንጋይ ከመረጣችሁ ከመቆረጡ በፊት ቆራጩ ጋ ሂዱና የትኛው ክፍል የት እንደሚውል በጠመኔ አብራችሁ ምልክት አድርጉ። ካልሄዳችሁ የወደዳችሁት መስመር የሲንኩ ቀዳዳ ላይ ሊውልና ተቆርጦ ሊጣል ይችላል፤ ቆራጩ የሚያስበው ስለ ትራፊው ነው እንጂ እናንተ የቱን እንደወደዳችሁ አያውቅም። መገጣጠሚያው የት እንደሚሆንም እዚያው ተነጋገሩ።