ጭሱ ሌላ፣ ጥፋቱ ሌላ፦ የዘመኑ የናፍታ ፒካፕ ሞተር ችግርና መፍትሄ

የአሁኑ የናፍታ ፒካፕ ሞተር ሲታመም የሚጮኸው ክፍልና ጥፋተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ዲፒኤፉ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያው) ተደፍኗል ተብሎ ይቀየራል፤ ያስደፈነው ግን ያልተነካው ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚጠብቀው ቫልቭ) ነው። ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ሞተ ይባላል፤ የገደለው ከፊልትሮው በኋላ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ያያችሁትን ምልክት ከታች ካሉት ርዕሶች ፈልጉ፣ መንስኤውን በፍተሻ አረጋግጡ፣ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው። የዘይት መጠንና የቡሎን ጥብቀት ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ለእሱ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይታይ።

ዘይት ሳይጨመርበት ከፍ ሲል

ዘይት ሲጎድል ሁሉም ይደነግጣል። ከፍ ሲል ግን «ሞተሬ ዘይት አይበላም» ብሎ የሚደሰት አለ። ዘይት በራሱ አይበዛም፤ የጨመረው ናፍታ ነው፣ አልፎ አልፎም የራዲያተር ውሃ።

ናፍታው እንዴት ገባ? ዲፒኤፍ ከጭሱ ጥላሸቱን ይይዛል፤ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አድርሶ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ሙቀቱን ለማምጣት ብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ወደ ታች በሚወርድበት ሰዓት ተጨማሪ ናፍታ ይረጫሉ። ከዚህ ናፍታ የተወሰነው የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ማቃጠሉ አንዴ ተጀምሮ ካለቀ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መኪናው ለአጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ከሆነና ሞተሩ ሁልጊዜ በመሃል የሚጠፋ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሙከራ የራሱን ናፍታ ትቶ ይሄዳል። የቀጠነ ዘይት በክራንክሻፍትና እሱን በሚሸከመው ብሮንዚን መካከል የሚቆመውን ስስ ሽፋን መያዝ ያቅተዋል፤ ሞተሩ የሚበላው ከዚያ ነው።

ለማረጋገጥ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያ ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ ጥግ ከትታችሁ እንደገና አውጡ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ አሽትቱት። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ የወረቀት ፎጣ ላይ አኑሩና ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ከጥቁሩ መሃል ውጪ ሰፋ ብሎ ፈዘዝ ያለ ቅባታም ቀለበት ከወጣ ናፍታ አለበት። ይህ የላብራቶሪ ምርመራ አይደለም፣ ግን ሽታውና ቀለበቱ አንድ ላይ ከመጡ መጠራጠር ይበቃል።

መፍትሄው ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን መቀየር ነው። ትርፉን ብቻ ቀድቶ መንዳት የቀጠነውን ዘይት ሞተር ውስጥ መተው ስለሆነ አይሆንም። መጠኑ በጣም ካለፈ ደግሞ ሞተሩ የራሱን ዘይት በመተንፈሻው ስቦ እንደ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያኔ ቁልፍ ቢጠፋም ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ከደረሰና መኪናው በእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን አንቆ ማጥፋት ይቻላል። አየር መሳቢያውን በእጅ ለመድፈን አትሞክሩ።

ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ማቃጠሉ ለምን እንደማያልቅ መፈለግ ነው፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቴርሞስታት ነው። ክፍት ሆኖ ከተያዘ ሞተሩ ሙቀቱን አይሞላም፤ ብዙ መኪናዎች ደግሞ ውሃው በቂ ሙቀት ካልደረሰ ማቃጠሉን አይጀምሩም፣ ቢጀምሩም አይጨርሱም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ጠቋሚ አትመኑ፤ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ሙቀቱ ሰፋ ባለ ክልል ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ መሃል ላይ ቆሞ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው። በስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) አንብቡ። ከ15 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ መሆን ሲገባው 65 ወይም 70 ላይ ከቆመ ቴርሞስታቱን ቀይሩ። ስካነሩ ላይ የሚወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0128 ነው፣ ባይወጣም ቁጥሩ ይበቃል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍታ ረጪ)፣ ሦስተኛው የተያዘ ኢጂአር (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ነው። ሁሉም ደህና ከሆኑ የቀረው አነዳዱ ነው፦ በሳምንት አንዴ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ፣ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር አካባቢ መንዳት። ሚኒሞው (ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ቬንትሌተሩ ያለ ምክንያት ከጮኸና ትኩስ የብረት ሽታ ከመጣ እየተቃጠለ ነውና ሞተሩን አታጥፉ።

የዘይቱን ዓይነትም ተመልከቱ። ዲፒኤፍ ላለው ሞተር አመዱ ያነሰ ዘይት ያስፈልጋል፤ ጣሳው ላይ እንደ ኤሲኢኤ ሲ3 (ACEA C3) ያለ ደረጃ ይጻፍበታል፣ ትክክለኛውን መመሪያው ይናገራል። ጥላሸት ይቃጠላል፤ ከዘይት የሚመጣ አመድ ግን አይቃጠልም፣ እየተጠራቀመ ማጣሪያውን ይዘጋዋል። ዲፒኤፉን ቆርጦ መጣል ጥገና አይደለም። መብራቱን ያጠፋል፣ የሚያንጠባጥበው ኢንጀክተር ግን እዚያው ሥራውን ይቀጥላል።

ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ

ናፍታ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ከአየሩ ጀምሩ፣ ፍተሻው ርካሽ ነው። ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ)፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጅ እያጠፋችሁ እዩ፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከስር፣ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) በሚያጠብቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ጥቁር ዘይት ያወዛበት መጋጠሚያ አየር የሚያመልጥበት ነው። ዳገት ላይ ተጭኖ የሚያፏጭና ፒ0299 (የቱርቦ ግፊት ማነስ) የሚጽፍ ሞተር በአብዛኛው ይህንን ይዞ ይገኛል። ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ኢጂአር ቫልቭ ሂዱ። የጭሱ ጥላሸት ከሞተር መተንፈሻ ከሚመጣ የዘይት እንፋሎት ጋር ተላቁጦ እንደ ዝፍት ይጋገርበታል፤ ክፍት ሆኖ ሲያዝ ሞተሩ የራሱን ጭስ ይተነፍሳል። ፈቶ ማጠብ ይቻላል፣ ጋኬቱ ግን አዲስ ይሁን።

ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው፤ ቱርቦና ፋሻ ከመወንጀላችሁ በፊት የሞተር መተንፈሻው መደፈኑን እዩ። ጠዋት ብቻ የሚታይና የናፍታ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የማሞቂያ ካንዴላ ወይም የኮምፕሬሽን ጉዳይ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ውሃ ነው።

አቧራ

ለእኛ ይህ ከሁሉም በላይ ነው፤ ሞተር ጊዜው ሳይደርስ ከሚሞትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ አቧራ ሆኖ ሳለ ምንም መብራት አይበራለትም። ከፊልትሮው አልፎ የገባ ደቃቅ አሸዋ መጀመሪያ የቱርቦውን ምላጮች ጠርዝ ይመገምጋል፣ ከዚያ ፋሻዎቹንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ባለቤቱ የሚያውቀው ዘይት መብላት ሲጀምር ነው።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ቱቦ ፍቱ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን ጥረጉ። ትንሽ የዘይት ወዝ ምንም አይደለም። ጨርቁ ላይ ቡናማ አቧራ ከወጣ፣ ወይም ስታሹት በጣታችሁ መካከል የሚኮሰኩስ ነገር ከተሰማችሁ፣ አየሩ ሳይጣራ እየገባ ነው። የገባበትን ለማግኘት የፊልትሮውን የጎማ ጠርዝ ተመልከቱ፤ አቧራው ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ንጹሑ ወገን መስመር ከሠራ ፊልትሮው በትክክል አልተቀመጠም ወይም ከሳጥኑ ጋር አይገጥምም። መስመር ከሌለ ቱቦውን እጥፋቶቹ ውስጥ ፈልጉ።

ፊልትሮ በኮምፕሬሰር መንፋት ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ መተው አለበት። የአየሩ ግፊት ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ሊበሳው ይችላል። ደግሞም በጥቂቱ የቆሸሸ ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ራሱ አቧራ ማስገቢያ ነው። ጊዜው ሲደርስ ቀይሩ፣ ስትቀይሩም ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ሲነሳ የሚያስቸግር፣ የሚያንቋቋና በመንገድ የሚጠፋ ሞተር

በኮመን ሬል (ለኢንጀክተሮቹ ሁሉ ናፍታ በሚያድለው የጋራ የግፊት ቱቦ) ውስጥ ናፍታው በሥራ ላይ እስከ 2,000 ባር፣ በአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጨመቃል። በፖምፓውና በኢንጀክተሩ ውስጥ ብረትና ብረት የሚራራቁት በጥቂት ማይክሮን ነው፤ የሚያለሰልሳቸውም ናፍታው ራሱ ነው። ውሃ ከገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ዝገት ይጀምራል።

መጀመሪያ ከናፍታ ፊልትሮው ስር ያለውን የውሃ ማውጫ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ አንድ ሩብ ሊትር ያህል ቅዱ፤ 10 ደቂቃ ሲቆይ ውሃው ከታች ለብቻው ይቀመጣል። ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ አስወጡ። ማሰሮው ስር ብርማ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው፦ ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው። ፖምፓ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ ብናኙ ሬሉና ኢንጀክተሮቹ ውስጥ ገብቷልና ሙሉው መስመር፣ ታንኩም ጭምር፣ መጽዳት ወይም መቀየር አለበት።

አዲስ ፊልትሮ ስትገጥሙ ከጀሪካን ናፍታ አትሙሉበት፤ ያልተጣራ ናፍታ በንጹሑ ወገን ይገባል። በእጅ ፖምፓው ወይም ቁልፉን ደጋግሞ በመክፈት አየሩን አስወጡ።

ሞተሩ ሲሞቅ ብዙ ከተንገራገጨ በኋላ ብቻ የሚነሳ ከሆነና ፒ0087 (የሬል ግፊት ማነስ) ከጻፈ የኢንጀክተር መመለሻ ፍተሻ ሥሩ። የአራቱንም መመለሻ ቀጭን ቱቦ ነቅላችሁ እኩል ርዝመት ባላቸው ቱቦዎች ወደ አራት ተመሳሳይ ጠርሙሶች አገናኙ፤ የዋናውን መመለሻ መስመር ክፍት አፍ ድፈኑ። ሞተሩን በሚኒሞ ሦስት ደቂቃ አሠሩትና የሞላውን አወዳድሩ። ከሌሎቹ እጥፍ የሞላ ጠርሙስ ያለው ኢንጀክተር አርጅቷል። አራቱም ትንሽና እኩል ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ፖምፓውና ወደ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ይዞራል። እንደ ድሮው ሞተር የግፊት ቱቦውን ሞተሩ እየሠራ አላልቶ መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጄቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ቢያንስም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

በስህተት ቤንዚን ከተቀዳ ቁልፉን እንኳ አትክፈቱ። በብዙ መኪናዎች የታንኩ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ቁልፍ ሲከፈት ይጀምራል።

«ጭ ጭ ጭ» የሚል ድምፅና በኢንጀክተር ዙሪያ ጥቁር ዝፍት

ከኢንጀክተሩ ስር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) አልዘጋችም፤ የሚቃጠለው ጋዝ እያመለጠ ነው። ቸል ከተባለ ጥላሸቱ ይጋገርና ኢንጀክተሩ አይነቀልም። ኢንጀክተሮቹ ከቫልቭ ክዳኑ ስር በተቀመጡባቸው ሞተሮች ደግሞ ይብሳል፦ ጋዙ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ቅርፊቱ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ብሮንዚን ይሄዳል። ኢንጀክተሩ ሲነቀል ቀዳዳውን ቅባት በነካ ጨርቅ ድፈኑ፣ መቀመጫውን በመሞረጃ አጽዱ፣ አሮጌ ሮንዴላ ፈጽሞ አትመልሱ፤ የማሰሪያው ቡሎንም አዲስ ይሁን፣ በቶርክ ሬንች ይጥበቅ። ዘይቱ ዝፍት ሆኖ ከተገኘ የታችኛው የዘይት መያዣ ተፈቶ ወንፊቱ በዓይን መታየት አለበት። አዲስ ኢንጀክተር ከገጠማችሁ ላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይመዝገብ፣ አለዚያ ሚኒሞው ይረበሻል።

ውሃ ሳይፈስ ሲጎድል

መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ በኢጂአር ማቀዝቀዣው ወይም በቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን እየሄደ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ያዙ፤ ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደር ጋዝ እየገባበት ነው፣ ቴስታታው ይፈታል። ቱቦው ለስላሳ ሆኖ ውሃው ግን ከጎደለ የኢጂአር ማቀዝቀዣውን በግፊት አስፈትሹ። ባዶ ውሃ አትጨምሩ፤ ኩላንትና የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ እኩል በእኩል ይቀላቀል።

ቱርቦ

በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዘንግ የቆመው በዘይት ላይ ነው። ጭኖ ዳገት ከወጣ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የቆመውን ዘይት እዚያው ያከስለዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ። ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ከደረሳችሁ መጠበቅ አያስፈልግም። አዲስ ቱርቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተበላሸ ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ ከስሎ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አጥቦ መመለስ ሳይሆን መቀየር ይሻላል። ቱርቦው ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አንጠባጥቡና ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ከዚያ ናፍታው ተቋርጦ፣ ከመመለሻው ዘይት ሲወጣ እስኪታይ ድረስ፣ ሞቶሪኖውን በ10 በ10 ሰከንድ እያሳረፋችሁ አዙሩ፤ ሞተሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።