«ፍላይት» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ቃሉን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ፍላይት ሁለት ቃል ነው። አንዱ ከ«ፍላይ»፣ ከመብረር የመጣ ነው። ሌላው ከ«ፍሊ»፣ ከመሸሽ። በጊዜ ብዛት አጻጻፋቸውም አነባበባቸውም አንድ ሆነ። መሃሉ ላይ የሚጻፉት፣ ግን የማይነበቡት ጂ እና ኤች ድሮ እንደ «ኽ» ይሰሙ ነበር።

ይህን አለማወቅ ትርጉም ያበላሻል። ጌታችንን ታቅፋ የምትሰደደውን የእመቤታችንን ሥዕል እንግሊዞች «ፍላይት ኢንቱ ኢጂፕት» ይሉታል። «ወደ ግብፅ በረራ» ብሎ መተርጎም ግን ታሪኩን ማጥፋት ነው። በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ የምናስበው ስደቷን ነው።

ከሁሉም በላይ አደገኛ የሚሆነው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን «ፍላይት ሪስክ» ካለው፣ በዋስ ቢለቀቅ ይጠፋል ብሎ እየሠጋ ነው። አስተርጓሚው «የበረራ አደጋ» ካለ ተከሳሹ ለምን ዋስትና እንደተከለከለ እንኳ አይገባውም። እባካችሁ፣ የምታስተረጉሙ ሰዎች ይህችን ልብ በሉ።

«ፋይት ኦር ፍላይት»ም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ሰውነት ለአደጋ የሚሰጠውን ምላሽ ሲገልጽ ያወጣው ሐሳብ ነው። መታገል ወይም መሸሽ ማለት ነው።

ኃላፊ ጊዜ ላይም እንምታታለን። የበረረ «ፍሉ» ነው፤ የሸሸ «ፍሌድ» ነው። «ፍላይድ» የሚባለው ቤዝቦል ላይ ካልሆነ በቀር ለበረረ አይሆንም።

«ኤ ፍላይት ኦፍ ስቴርስ» ሲባል ደግሞ በረራ የለም። በሁለት ማረፊያ መካከል ያለ ደረጃ ነው።

ኤርፖርት ውስጥ ፍላይት ጉዞው እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ፍላይቱ ሳይሰረዝ አውሮፕላኑ ሊቀየር ይችላል። «ዳይሬክት» እና «ኖንስቶፕ»ንም አትደባልቁ። ኖንስቶፕ መንገድ ላይ አያርፍም፤ ዳይሬክት ግን የፍላይት ቁጥሩ ሳይቀየር መንገድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ለነዳጅ የሚታረፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከትንሽ ልጅ ወይም ከአዛውንት ጋር የምትጓዙ ከሆነ ቲኬት ስትቆርጡ «ዳይሬክት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «መሃል ላይ ያርፋል ወይ? የት? ለስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።