በደከመ ምሽት፣ ያለ ዳቦና ያለ ሩዝ፦ የአንድ መጥበሻ እራትን የሚያበላሹ ስህተቶች

ካርቦሃይድሬት ያልበዛበት እራት በሥራ ቀን ምሽት በ30 ደቂቃ፣ ያውም በአንድ መጥበሻ ሊደርስ ይችላል። ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል፣ አንድ ሁለት ዓይነት አትክልት፣ ዘይትና ቅመም ካለ ሌላ አይጠይቅም። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውሃ ያቆረ፣ የገረጣ፣ ለዓይንም ለምላስም የማይስብ ምግብ ነው። ለዚህ ጥፋተኛው የሙያ ማነስ አይመስለኝም፤ ድካም ነው። የደከመ ሰው ቶሎ ለመገላገል ሲል ቅደም ተከተሉን ይዘላል፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨመር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ብቻ ቢያርሙ እራትዎ ይለወጣል። በአንድ መጥበሻ መሥራት ማለት ሁሉንም ባንዴ መገልበጥ ማለት አይደለም። ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ ከክብደታቸው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ናቸው፤ ሥጋም ሲሞቅ ውሃ ይለቃል። ተደራርበው ሲገቡ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ የወጣው ውሃም ቶሎ መትነን ያቅተዋል። ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆማል፤ ሥጋን ቡናማ የሚያደርገውና የጥብስን መዓዛ የሚሰጠው ለውጥ ግን በደንብ የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ጥብስ ያሉት ቅቅል ሆኖ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

መላው ተራ መጠበቅ ነው። ለምሳሌ የዶሮ ሥጋ ከሆነ በተቀራራቢ መጠን ቆርጠው በወጥ ቤት ወረቀት ያድርቁት። መጥበሻውን አስቀድመው ያግሉት፤ ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጥኖ መንሸራተት ሲጀምር ሥጋውን በቁራጮቹ መካከል ክፍተት እየተዉ ይደርድሩት። ያን ጊዜ ቸስ የሚል ድምፅ ካልሰሙ መጥበሻው ገና ነው። ከዚያ ለሦስት አራት ደቂቃ አይንኩት። የብዙ ሰው እጅ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣል፤ ያማስላል፣ ይፍቃል፣ ይገለብጣል። ሥጋው ከመጥበሻው ጋር ከተጣበቀ አይታገሉት፤ ፊቱ በደንብ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል። ሌላውን ፊት ጠብሰው ወደ ንጹሕ ሳሕን ያውጡት፤ ጥሬው የነበረበት ሳሕን ግን ለዚህ አይሆንም።

አሁን የአትክልቱ ተራ ነው። በቀረው ስብ ላይ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎም ጎመኑ ወይም አበባ ጎመኑ ይግባ። ከመጥበሻው ሥር የተጣበቀውን ቡናማ ነገር አደራ፣ እንዳይጥሉት። ሁለት ማንኪያ ውሃ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርገው በእንጨት ማንኪያ ቢፍቁት ይሟሟና ከማንኛውም የታሸገ ስጎ የተሻለ ማጣፈጫ ይሆናል። በመጨረሻ ሥጋው ከነወረደው ጭማቂ ይመለስና አብሮ ይብሰል።

ነጭ ሽንኩርትን መጀመሪያ ላይ መጨመር

በጋለ ዘይት ቶሎ ያርና ይመርራል፣ ምሬቱም ምግቡን ሁሉ ይወርሰዋል። አትክልቱ ሊበስል አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይበቃዋል።

በረዶ የሆነ ሥጋን ወደ መጥበሻ መወርወር

ውጪው ሲያር ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ በዚያ ላይ በረዶው ቀልጦ መጥበሻውን ውሃ ያደርገዋል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ወደዚያው ማቀዝቀዣ ታችኛ መደርደሪያ ማውረድ ጥሩ ነው። ከረሱት ውሃ በማያስገባ ፌስታል አስረው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ውሃውን በየ30 ደቂቃው ይቀይሩ፤ እንደቀለጠም ወዲያው ያብስሉት። ጠረጴዛ ላይ ትቶ መዋል ግን ለባክቴሪያ መራቢያ ማመቻቸት ነው። የዶሮ ሥጋ መብሰሉንም በዓይን ብቻ አይመኑ፤ የምግብ ቴርሞሜትር ካለዎት ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ዳቦውን አስቀርቶ ስኳሩን በስጎ መመለስ

ይህ ስህተት ሳይታይ የሚያልፍ በመሆኑ ያሳዝነኛል። ሰው ሩዙን ትቶ እየታገለ፣ ለጣዕም ብሎ ማር ይጨምራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ግን ወደ 17 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ያው አንድ ማንኪያ ካቻፕ ወደ 4 ግራም ስኳር፣ መረቁን ለማወፈር የሚነሰነሰው ዱቄትም ወደ 6 ግራም ካርቦሃይድሬት ያመጣል። መረቁ እንዲወፍር ከፈለጉ ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ደቂቃ ያንተክትኩት፤ ካልሆነ ትንሽ ክሬም ወይም አይብ ይበቃዋል።

አትክልትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየትም ከዚሁ ይመደባል። በ100 ግራም ሲሰላ ድንች ወደ 17፣ ስኳር ድንች ወደ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖራቸው፣ አበባ ጎመን 5፣ ዙኩኒ 3 ገደማ ነው። ካሮት 10 ገደማ ስላለው አንዳንዶች ይሸሹታል፤ እኔ ግን ለቀለምና ለጣዕም የገባ ግማሽ ካሮት የሚያስፈራ አይመስለኝም።

ዳቦውንም ዘይቱንም አብሮ መቀነስ

ሁለቱም ከቀሩ ሆድ የሚይዘው ምን ይቀራል? ሰላጣ ብቻ በልቶ የተኛ ሰው ሌሊት ማቀዝቀዣ ይከፍታል። ለአንድ ሰው 150 ግራም ያህል ጥሬ ሥጋ ወይም ሦስት እንቁላል ይመድቡ፤ ዘይቱንም በጠብታ አይቁጠሩት።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ካርቦሃይድሬትን በድንገት መቀነስ የለበትም። መድኃኒቱ ባለበት ምግቡ ሲቀየር የደም ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አቅም በሌለበት ምሽት ሥጋ ካልሠራሁ ማለት

እንቁላል እያለ ለምን ይጨነቃሉ? ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ በዘይት ያለስልሱ፣ አንድ ቲማቲም ከትፈው ይጨምሩና ውሃው እስኪመጥ ይጠብቁ። ሁለት እፍኝ ቆስጣ ጨምረው ሲሟሽሽ በማንኪያ ጎድጎድ ጎድጎድ ያድርጉትና እንቁላሎቹን በየጉድጓዱ ይስበሩ። እሳቱን ቀንሰው ይክደኑት። በአምስት ደቂቃ ገደማ ነጩ ይረጋል፤ አስኳሉ እንዲጠነክር የሚወዱ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። መጥበሻው ከእሳት ከወረደ በኋላም ማብሰሉን ስለማያቆም፣ ከሚፈልጉት መጠን ትንሽ ቀደም ብለው ያውርዱት።