ዶሮዎቼ የራሳቸውን እንቁላል እየበሉ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሳጥኑ ውስጥ ከወትሮው ያነሰ እንቁላል ታገኛላችሁ። ጉዝጓዙ ረጥቧል፣ የቅርፊት ስብርባሪ ወዳድቋል፣ የአንዷ ዶሮ ምንቃር ላይ አስኳል ደርቋል። ይህን ያየ ሰው ነገ ዛሬ ማለት የለበትም። አንዷ ስትበላ ሌሎቹ እያዩ ይማራሉ።

መጀመሪያ ሌባውን እወቁ

አይጥና ሽለምጥማጥም እንቁላል ይወዳሉ። ዶሮ ማታ ቆጥ ላይ ነው የምታድረው። ስለዚህ ማታ የነበረ እንቁላል ጠዋት ከጠፋ ቤቱ ላይ ቀዳዳ ፈልጉ። ቀን ቀን ከጠፋና አስኳሉ ሳጥኑ ውስጥ ከቀረ ግን በዶሮዎቹ ፍረዱ።

አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ሆን ብላ እንቁላል መብላት አትጀምርም። አንድ እንቁላል በሆነ ምክንያት ይሰበራል፣ ትቀምሰዋለች፣ ይጥማታል። ከዚያ በኋላ ራሷ መስበር ትለምዳለች። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የመጀመሪያው እንቁላል ለምን ተሰበረ ብለን ነው።

ቅርፊቱ ስስ ነው

በጓሮ ርባታ ብዙ የማየው ይህንን ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል። ቦቫንስ ብራውንን የመሰለች ጥሩ ጣይ ደግሞ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ትጥላለች። ፉርሽካ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ይህን ያህል ካልሲየም ከየት ታመጣለች? የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። የቄብ መኖ ግን 1 በመቶ አካባቢ ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላም ያንኑ የቄብ መኖ የምትሰጡ ከሆነ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩት።

ከመኖው በተጨማሪ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሌላ ዕቃ አስቀምጡላቸው። እያንዳንዷ የሚያስፈልጋትን ያህል ትወስዳለች። ዱቄት እስኪሆን አትፍጩት። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ሻካራው ቅንጣት ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ እስከዚያ ይቆይላቸዋል። የእንቁላል ቅርፊት ስትሰጡ አጥባችሁ፣ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ እንቁላልነቱ እስከማይታወቅ ድረስ ሰባብሩት። ግማሽ ቅርፊት እንዳለ መወርወር እንቁላል ምግብ ነው ብሎ ማስተማር ነው።

ቄቦች መጣል ሲጀምሩ አልፎ አልፎ ለስላሳ እንቁላል ቢጥሉ አያሳስብም። የእንቁላሉ ቁጥር በድንገት ካሽቆለቆለና ዶሮዎቹ የሚያስሉ ከሆነ ግን ፈንግል ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ይሰበራል

እንግዲያውስ ሳጥኑን ፈትሹ። ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ሳጥን ያስፈልጋል፤ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ካነሰ ተጋፍተው ይረጋግጡታል። የጤፍ ጭድ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙ፤ ጭዱን ጭረው እንዳያወጡት ከፊት ደፍ አብጁለት። ሳጥኑ ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ ካልሆነ እዚያው እያደሩ በኩስ ያበላሹታል። አፉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ቅዳጅ አንጠልጥሉ። ጨለም ሲል ዶሮዋ ጥላ ትወጣለች እንጂ ቆማ እንቁላሉን አትመረምርም።

ከሁሉ በላይ ቶሎ ሰብስቡ። አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ጠዋት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አንዴ፣ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ ብታዩ ለመብላት ዕድል አታገኝም።

ረሃብ፣ የውሃ ጥማትና ጥበትም ያባብሱታል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ዶሮ አይብለጥ። ጥቅል ጎመን አንጠልጥሉላቸውና እሱን ሲጠቀጥቁ ይዋሉ።

ሚጥሚጣ ይሠራል?

አይሠራም። ባዶ ቅርፊት ውስጥ ሚጥሚጣ ሞልታችሁ ብትሰጧቸው ደስ ብሏቸው ይበሉታል፤ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል እንደኛ አይሰማቸውም። ጀሶ ይሻላል። እንቁላሉን በስታችሁ ውስጡን አፍስሱ፣ እጠቡት፣ የተበጠበጠ ጀሶ ሞልታችሁ አድርቁትና ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። ደጋግማ ትመታዋለች፣ አይሰበርም፣ ይሰለቻታል።

አንዷ እምቢ ካለች

ምንቃሯ አስኳል የነካውን ለይታችሁ ለብቻዋ አቆዩ። የሌሎቹ እንቁላል ከዚያ ወዲህ መጥፋቱን ካቆመ አጥፊዋ እሷ ናት። ምንቃር መቁረጥን አልመክርም፤ ያማታል፣ የችግሩ መንስኤም እንዳለ ይቀራል። ተመልሳም ከደገመች ለበዓል ትታረድ። ጣይ ናት ብሎ ለጎረቤት መሸጥ ግን ችግሩን ወደ እነሱ ቤት መላክ ነው።

ብዙዎቹ ከለመዱ የቀረው መፍትሄ ወለሉ ያዘነበለ ሳጥን ነው። እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባሎ ምንቃር ወደማይደርስበት ከሳጥኑ በስተኋላ ያለ መቀበያ ይገባል። ወለሉ ላይ ቀጭን ምንጣፍ፣ መቀበያው ላይ ጭድ አድርጉ። ከመጠቀማችሁ በፊት በአንድ እንቁላል ሞክሩት። ቀስ ብሎ ወርዶ ሳይሰነጠቅ ከቆመ ዝንባሌው ልክ ነው፤ እዚያው ከቀረ የሳጥኑን ፊት በትንሽ እንጨት ከፍ አድርጉት።