ዛሬ ማታ ምን እንይ? ክርስቲያን ተመልካች ፊልም የሚመርጥበት መንገድ

ፊልም የሚመረጠው ሪሞት ከመያዙ በፊት ነው። ደክሞዎት ሶፋ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ፖስተሩ ይመርጥልዎታል እንጂ እርስዎ አይመርጡም። ስለዚህ ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያጣሯቸውን ከ5 እስከ 10 ፊልሞች መዝግበው ይያዙ፤ አንዱ ሲታይ በሌላ ይተኩት። አንዱን ፊልም ማጣራት 10 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ለሚበላ ነገር ብዙ አይደለም።

የራስን መስመር ማስመር

«መጥፎ ነገር አላይም» የሚለው ውሳኔ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ለምርጫ አይረዳም፣ መጥፎው ምን እንደሆነ አልተለየማ። ወረቀት ወስደው ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው ምንም ምክንያት ቢሰጥ የማያዩትን፣ በሁለተኛው እንደ አቀራረቡ የሚወስኑበትን፣ በሦስተኛው የማያስቸግርዎትን ይጻፉ። ወሲብ፣ ጭካኔ፣ ስድብ፣ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት፣ ጥንቆላ፣ አደንዛዥ ዕፅና መጠጥ፣ አስፈሪ ነገር፤ እያንዳንዱ በአንዱ ዓምድ ይግባ።

የሁለት ሰው ወረቀት አንድ ዓይነት አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ከመጠጥ ሱስ የወጣ ሰው፣ ለሌላው ተራ የሆነው የመጠጥ ቤት ትዕይንት ሌሊቱን ሙሉ ሊረብሸው ይችላል። በቀላሉ የሚቆጣ ሰው ከደም ይልቅ የበቀል ታሪክ ይጎዳዋል። ሮሜ 14 ስለ መብል የሚናገረው እዚህም ይሠራል፦ የወንድምን ሕሊና አለመናቅ፣ የራስንም አለመጣስ። በተግባር ሲታይ፣ አብረው የሚያዩ ሰዎች የሚመሩት በጠበቀው መስመር ነው። ባል በሁለተኛው ዓምድ ያስገባውን ሚስት በመጀመሪያው ካስገባችው፣ ለዚያ ምሽት የእሷ ይጸናል። ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ።

የዕድሜ ደረጃው ምን ይነግራል?

አሜሪካዊው የፊልም ደረጃ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀመረ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬ ጂ (ለሁሉም)፣ ፒጂ (በወላጅ ምክር)፣ ፒጂ-13 (ከ13 ዓመት በታች ላሉ ጥብቅ ጥንቃቄ)፣ አር (ከ17 ዓመት በታች ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ) እና ኤንሲ-17 (ለአዋቂ ብቻ) የሚሉ አምስት ደረጃዎች አሉት። ፊደሉን ብቻ አይዩ፤ አጠገቡ የሚጻፈውን አጭር ምክንያት ያንብቡ። «አር» የተባለው በጦርነት ጭካኔ ይሁን በወሲብ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ለእርስዎ ወረቀት ደግሞ ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ፒጂ-13 ብዙ ሰው የሚታለልበት ደረጃ ነው። ከወሲብ የተወሰደ ከባድ ስድብ አንድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አር ይሻገራል። ደም የማይታይበት ግድያ ግን በብዛት ሊኖር ይችላል። ሌላው ወጥመድ የቆዩ ፊልሞች ናቸው። ፒጂ-13 የመጣው በ1984 ነው፤ ከዚያ በፊት «ፒጂ» የተባለ ፊልም ዛሬ ለልጅ የማይፈቀድ እርቃን ወይም አስፈሪ ትዕይንት ሊኖረው ይችላል። ከ1934 እስከ 1968 በሆሊውድ የተሠሩት ደግሞ የስቱዲዮዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ ስለነበረባቸው እርቃንና ስድብ ብዙም አይገኝባቸውም። ዘረኝነት ግን በብዙዎቹ ውስጥ አለ። የዚያ ደንብ አርቃቂዎች አንድ የኢየሱሳውያን ካህንና አንድ ካቶሊክ አሳታሚ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ በክርስቲያን እጅ የተጻፈ ደንብም የሚያሳልፈው ነገር አለ ማለት ነው።

«ያልተቆረጠ» ወይም «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የሚል ካዩ፣ የሚያውቁት ደረጃ ለዚያ ቅጂ የተሰጠ ላይሆን ይችላል። ተከታታይ ድራማ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ ምንም አይናገርም። ትሬለር (የፊልሙ አጭር ማስታወቂያ) ለብዙኃን እንዲታይ ተጣርቶ የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይታመንም። የትርጉም ፊልም ከሆነ፣ ተርጓሚው ስድቡን አለዝቦት ይሆናል፤ ምስሉ ግን ያው ነው።

አሥሩን ደቂቃ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

መጀመሪያ አይኤምዲቢ (IMDb) በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የወላጆች መመሪያውን ይክፈቱ። አምስት ክፍሎች አሉት፦ ወሲብና እርቃን፣ ጭካኔና ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ዕፅ፣ አስፈሪ ትዕይንቶች። የሚጽፉት ተመልካቾች ስለሆኑ «መካከለኛ» የሚለውን ፍርድ ይዝለሉትና የተገለጸውን ትዕይንት ያንብቡ። ቀጥሎ ፕላግድ ኢን (Plugged In) የተባለውን የፊልም ግምገማ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ በወንጌላውያን ክርስቲያኖች የሚዘጋጅ ሲሆን መንፈሳዊ ይዘትን በተለየ ክፍል ይዘረዝራል፣ ስድቡንም ብዙ ጊዜ በቁጥር ያስቀምጣል። ለልጆች ኮመን ሴንስ ሚዲያ (Common Sense Media) የተባለው ድረ ገጽ ፊልሙ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ይጠቁማል። ሦስቱም ጋ ታሪኩ ሊነገርዎት ይችላል፤ መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው አንብቦ ይንገርዎት።

ስለ ነጥብም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሃያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ (Rotten Tomatoes) ድረ ገጽ ላይ 95% ማለት ከ100 ሃያሲ 95ቱ ያህል «አልከፋም» ወይም ከዚያ በላይ ብለዋል ማለት ነው። ፊልሙ ከ100 95 አመጣ ማለት አይደለም። ሁሉም በትንሹ የወደዱት ለዘብ ያለ ፊልም፣ ግማሹ ካበደለት ፊልም በልጦ ይታያል።

የማይቆጠረው ነገር

ደረጃ ሰጪዎች ጥይትና ስድብ ይቆጥራሉ። ፊልሙ ልብዎን ወዴት እንደሚጎትተው ግን አይቆጥሩም፤ ዋናው ሥራ ደግሞ ይሄ ነው።

አንድ ትዕይንት እናስብ። ሰውየው ወንድሙን የገደለውን አግኝቶ ሽጉጥ ደቅኗል። በአንደኛው አቀራረብ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያየዋል፣ ግዙፍ ሆኗል። ሙዚቃው እየጋለ ይሄዳል፣ ይተኩሳል፣ ተመልካቹ «የት አባቱ!» ይላል፤ ቀጣዩ ትዕይንት ላይ ሰውየው ይቀልዳል። በሁለተኛው ሙዚቃ የለም። ይተኩሳል፤ ካሜራው እሱን ትቶ በሩ ላይ ወደቆመችው የሟች ልጅ ይዞራል፣ እዚያም ይቆያል። ከዚያ ገዳዩ እጁን ሲታጠብ እናያለን፤ እጁ ከጠራ በኋላም ቧንቧውን አይዘጋም። ጥይቱ አንድ፣ ሟቹ አንድ፣ ምናልባት ደረጃውም አንድ ነው። አንዱ ግን በቀልን ያስመኛል፣ ሌላው በቀል ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ስለዚህ የሚጠየቀው፦ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ካሜራው ማን ላይ ይቆያል? ሙዚቃው ምን እንዲሰማኝ ይገፋኛል? ምን እንድመኝ ተደረግሁ? ኃጢአት መታየቱ ብቻውን ፊልምን አያስጥልም። 2ኛ ሳሙኤል 11 የዳዊትን ምንዝርና ግድያ ሳይሸፋፍን ይተርካል፤ ምዕራፍ 12 ላይ ግን ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ይለዋል። ምዕራፍ 11 ላይ ቆሞ የሚያጨበጭብ ፊልም አለ፣ እስከ 12 የሚሄድም አለ።

ይህ መለኪያ ግን እርቃንን አያድንም። በፊልም ውስጥ ደሙ ቀለም ነው፣ ሟቹ ተነስቶ ምሳውን ይበላል፤ የተራቆተው ሰው ግን በእውነት ተራቁቷል፣ ዓይን ያየውም እውነተኛ ገላ ነው። «መልእክቱ ጥሩ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ደካማ ነው።

ጣዕምስ?

ንጹሕ ፊልም ሁሉ ጥሩ ፊልም አይደለም። ንግግሩ ስብከት፣ ገጸ ባሕርያቱ ካርቶን የሆኑበትን ሥራ «ክርስቲያናዊ ነውና» ብሎ መታገሥ ግዴታ የለም። ፊልጵስዩስ 4፥8 እውነተኛ የሆነውን ሁሉ አስቡ ሲል ይጀምራል፤ ችግሩ ሁሉ በአንድ ጸሎት በአምስት ደቂቃ የሚፈታበት ታሪክ በዚህም መለኪያ ይወድቃል፣ ኢዮብ እንዲያ አልኖረምና።

ጣዕምዎን ለማወቅ ካዩ ዓመት አልፎት ዛሬም ከአእምሮዎ ያልወጡ 10 ፊልሞችን ይጻፉ። ከየአንዳንዱ ጎን የዳይሬክተሩንና የጸሐፊውን ስም ያስፍሩ። የሚደጋገም ስም ካለ ሌሎች ሥራዎቹን ይፈልጉ። ተዋናይን ተከትሎ መምረጥ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ተዋናይ የተሰጠውን ይጫወታል፣ ዓለሙን የሚያዩበትን መነጽር የሚመርጡት ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ናቸው።

አዲስ ነገር ሲያጡ ሁለት ጥሩ ምንጮች አሉ። ቫቲካን ሲኒማ 100 ዓመት የሞላበትን ምክንያት በማድረግ በ1995 የ45 ፊልሞች ዝርዝር አውጥታለች፤ በሃይማኖት፣ በእሴትና በጥበብ ተከፍሎ እያንዳንዱ 15 ይዟል። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ በካን የፊልም ፌስቲቫል ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በጋራ የሚያቆሙት የዳኞች ጉባኤ ሽልማት ይሰጣል። ተሸላሚዎቹ በአብዛኛው ሃይማኖታዊ ርእስ የላቸውም፤ ዝግ ያሉና ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው። እነሱንም ቢሆን በወረቀትዎ ሳያጣሩ አይክፈቱ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ከሆነ

ከፊልሙ በፊት ምዕራፉን ያንብቡ፤ ካዩ በኋላ ካነበቡ የተዋናዩ ፊት ገጹ ላይ ይታይዎታል። ጸሐፊ ክፍተት መሙላቱ አይቀርም፤ ጥፋቱ የተሞላውን እንደ ቃሉ መያዝ ነው። ለምሳሌ ማቴዎስ 2 ሰብአ ሰገል ስንት እንደነበሩ አይናገርም፤ መግደላዊት ማርያምን አመንዝራ የሚል ወንጌልም የለም፣ ሉቃስ 8፥2 ሰባት አጋንንት እንደወጡላት ብቻ ይናገራል።

ከተጀመረ በኋላ

መቼ እንደሚዘጉት አስቀድመው ይወስኑ። ጥሩ ልማድ፦ ከመጀመሪያው ዓምድ አንድ ነገር ከታየ ወዲያው ይዘጋል፤ ሳይማርክዎት 30 ደቂቃ ከሄደም እንዲሁ። «ከጀመርኩት ልጨርሰው» የሚለው ሐሳብ ብዙ ምሽት በልቷል። የቀጣዩን ክፍል በራሱ መጀመር ያጥፉት፤ ክፍል ሲያልቅ የሚመጣው ጸጥታ ለመወሰን የቀረዎት ብቸኛ ጊዜ ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ለልጆች ፕሮፋይል የዕድሜ ደረጃ መወሰንና አንድን ፊልም በስሙ ማገድ ይቻላል። የእርስዎን ፕሮፋይል በፒን ካልቆለፉት ግን ልጁ በእሱ ይገባል።

ሲያልቅ ከፊልሙ ስም ጎን አንድ መስመር ይጻፉ፤ ሲጀምሩ እንዴት ነበሩ፣ ሲጨርሱስ? «ተረጋጋሁ»፣ «ሰው መውደድ አማረኝ»፣ «ኑሮዬን ናቅሁት»። ከ15 ፊልሞች በኋላ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፤ ወረቀቱ ላይ በሦስተኛው ዓምድ ካስገቡት አንዱ ወደ መጀመሪያው መዛወር እንዳለበት ሊያዩ ይችላሉ።